ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የበረዶ ሙከራ፦ ፍሪጅ በሌለበት ክፍል ምን ያዋጣል?

መምህርት ዘአራት ኪሎ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ኬጂ አስተምራለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በረዶ ይዤ ክፍል መግባት አስቤአለሁ። ልጆቹ 24 ናቸው፤ አብዛኞቹ 5 ዓመት የሞላቸው፣ አምስት ስድስቱ ገና 4። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ትምህርት ቤቱ ፍሪጅ ስለሌለው በረዶው ከቤት ነው የሚመጣው፦ ጠዋት 1፡30 ወጥቶ 4 ሰዓት ላይ ክፍል መድረስ አለበት። መብራቱም እንደምታውቁት ነው።

"በረዶ ይቀልጣል" ብሎ ማሳየቱን አልፈልገውም፤ እሱንማ ክረምት በመጣ ቁጥር ደጅ ላይ ያዩታል። እጃቸውን አስገብተው የሚሠሩት፣ "ለምን?" የሚያሰኝ ነገር ነው የምፈልገው። ስንት ላዘጋጅ? በምን ልሸከመው? የትኛው ሙከራ በ40 ደቂቃ ያልቃል? ምን እንደሚበላሽ ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ካዛንቺስ ላብ

መምህርት፣ መጀመሪያ የበረዶው መጠን ይወሰን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የበረዶ ትሪ አንዱ ጉድጓድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ያንን አንድ ፍሬ ሳህን ላይ አድርገው 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ቢተዉት ቀልጦ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። "ቁጭ ብለን ሲቀልጥ እንይ" የሚለው ዕቅድ በ40 ደቂቃ የማያልቀው ለዚህ ነው፤ ልጆቹ በአምስተኛው ደቂቃ ይሰለቻሉ። ያው ፍሬ ተሰባብሮ ሳህን ላይ ቢበተን በጣም ይፈጥናል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው።

ለ24 ልጅ ስድስት ቡድን ያድርጉ፣ በቡድን አራት። ለያንዳንዱ ቡድን ግማሽ ሊትር የሚይዝ አንድ ትልቅ በረዶ እና ስድስት ትናንሽ ፍሬ። ለመሰባበር የሚሆን አንድ ሊትር ይጨምሩ። በጠቅላላው ወደ 5 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህን በአንድ ሌሊት ለማጠጠር የቤት ፍሪዘር አቅም የለውም። ሦስት ቀን ቀድመው ይጀምሩ፦ የጠጠረውን ከቅርጹ አውጥቶ በፌስታል ቋጥሮ እዚያው ማስቀመጥ፣ ቅርጹን እንደገና መሙላት። ትሪው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል፤ ግማሽ ሊትሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይደር። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ በበረዶ የተሞላ ፍሪዘር ባዶ ከሆነው ይልቅ ቅዝቃዜውን ያቆያል።

ቅርጹ የፕላስቲክ ይሁን። ውሃ ሲጠጥር መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እስከ አፉ የተሞላ የለስላሳ ጠርሙስ ይሰነጠቃል፣ ስባሪውም በረዶው ውስጥ ይቀራል። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነ 400 ሚሊ ሊትር ሞልቶ ማቆም ነው።

ሸክሙ ቀላል ነው። የካርቶን ሣጥን፣ ከታች ፎጣ፣ ዙሪያውን ጋዜጣ፤ ትልልቆቹን እርስ በርስ አጠጋግቶ መደርደር፣ ትናንሾቹን በፌስታል መሃላቸው መወሸቅ፣ ከላይ ብርድ ልብስ። ተጠጋግቶ የተቀመጠ 5 ኪሎ በረዶ በ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ ከሩብ በላይ አይጎድልም። ተበታትኖ ከተጫነ ግን አየር በየመሃሉ ስለሚገባ ትንንሾቹ ውሃ ሆነው ይደርሳሉ።

ፈትል

ለ5 ዓመት ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው የክር ሙከራ ነው፤ አስማት ይመስላቸዋል።

ጥልቀት ያለው ሳህን ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ላይ አንድ ፍሬ በረዶ። ለልጁ 20 ሳንቲ ሜትር ክር ስጪውና "እጅህ ሳይነካው፣ ሳትቋጥረውም በረዶውን አንሣ" በይው። ለሁለት ደቂቃ ይታገል። ከዚያ ክሩን አርጥቦ በረዶው ላይ ያጋድመው፣ በላዩ በሁለት ጣት ቆንጥሮ ደቃቅ ጨው ይነስንስ፣ እስከ 90 ይቁጠር (ወይም አንቺ ቁጠሪለት)፣ ቀስ ብሎ ያንሣ። ይነሣል።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ ክሩ። የናይለን ክር ውሃ ስለማይመጥጥ ይንሸራተታል። የጥጥ ክር ነው የሚያስፈልገው፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው በእጅ የተፈተለ ፈትል ሻካራ በመሆኑ የፋብሪካ ክር አይተካከለውም። ሁለተኛ ጨው ማብዛት። ልጅ ቆንጥር ሲሉት ይዝቃል፤ ጨው ሲበዛ ክሩ ዙሪያ ያለው ውሃ ጨዋማ እንደሆነ ይቀርና አይጠጥርም። ስለዚህ ጨዉን ሲኒ ሙሉ አታቅርቢ፣ ለቡድኑ ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ሦስተኛ ችኮላ፤ 30 ሲቆጥሩ ይጎትቱታል።

ያንቺ በረዶ ደግሞ መንገድ ላይ ስለሚቆይ ላዩ ይረጥባል። ክሩን ከማጋደም በፊት በጨርቅ አድርቂው፣ ቆጠራውንም ወደ 120 ከፍ አድርጊው።

ጉለሌ

ጨው ሙቀት ስላለው እኮ ነው በረዶውን የሚያቀልጠው። ልጆቹን "ጨው ትኩስ ነው" ብትያቸው በቀላሉ ይገባቸዋል።

ካዛንቺስ ላብ

ጉለሌ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ልጅ ይህን ይዞ ካደገ ደግሞ ለማስለቀቅ ከባድ ነው። ጨው የተጨመረበት በረዶ ይበልጥ ይቀዘቅዛል እንጂ አይሞቅም። ሦስት ሲኒ የተሰባበረ በረዶ ላይ ግማሽ ሲኒ ጨው አማስለው ቴርሞ ሜትር ቢያስገቡ ከ0 በታች 10 ዲግሪን አልፎ ሲወርድ ያዩታል። የመጨረሻው ወለል ከ0 በታች 21 ዲግሪ ነው።

ምክንያቱ ይኸው፦ ንጹህ በረዶ 0 ላይ ይቀልጣል። የጨው ውሃ ግን ለመጠጠር ከ0 በታች መውረድ አለበት። ስለዚህ ጨው የነካው በረዶ 0 ላይ ሆኖም ለመቅለጥ ይገደዳል። ለመቅለጥ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንን ሙቀት ከጎረቤቱ ከበረዶው፣ ከክሩና ከጣሳው ይወስዳል። የፈትል ሙከራ ላይ ክሩ ውስጥ የገባው ውሃ ሙቀቱን የተቀማው ነው፣ ለዚህ ነው ተጣብቆ የሚጠጥረው። ለ5 ዓመት ልጅ "ጨው በረዶን እንዲቀልጥ ያስገድደዋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን ሁሉ ያበርደዋል" ማለት ይበቃል።

ይህንኑ በዓይን የሚያሳየው የጣሳ ሙከራ ነው። 400 ግራም የሚይዝ የቆርቆሮ ጣሳ (ቤት ከሌለ ምናለሽ ተራ ሞልቷል)፣ ወረቀቱን ልጦ፣ ስለታሙን አፍ በፕላስተር ሸፍኖ፣ ውጩን በደንብ አድርቆ። ውስጡ ከላይ ባልኩት መጠን በረዶና ጨው። በእንጨት ማንኪያ አንድ ደቂቃ ማማሰል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ ከበረዶው ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ጤዛ፣ ከታች ደግሞ ነጭ አመዳይ ይይዛል። ልጆቹ ያለምንም ጥርጥር "ውሃው ቆርቆሮውን አልፎ ወጣ" ይላሉ። ደስ የሚለው እዚህ ነው፦ አይከራከሯቸው። በሌላ ጣሳ በረዶው ላይ የቀይ ስር ውሃ ጨምረው ይድገሙት፤ ውስጡ ቀይ ሆኖ ውጩ ነጭ ይሆናል። ከዚያ "ታዲያ ነጩ ከየት መጣ?" ይበሏቸው።

አንድ የሚበላሽበት ነገር አለ። በጋ ላይ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ አመዳዩ ይዘገያል ወይም በጣም ይሳሳል። ልጆቹ ተራ በተራ ጣሳው ላይ "ሃህ" ብለው ይተንፍሱበት። ተአምሩን ራሳቸው ስለሚያመጡት እንዲያውም ይሻላል።

በረዶውን ለመሰባበር ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ በዘነዘና መምታት ነው። ሙቀጫ ውስጥ መውቀጥ ለሙከራው ችግር የለውም፣ ክፍሉ ግን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

የሕፃናት ነርስ

ሙከራዎቹን ሳላበላሽ ስለ እጅና ጉሮሮ ልናገር።

ከፍሪዘር እንደወጣ ያለ በረዶ ከ0 በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን እርጥብ ጣትና ምላስ ላይ ይጣበቃል። የእርስዎ በረዶ 2 ሰዓት ተኩል ስለሚጓዝ ይህ ስጋት የለበትም፤ ላዩ ረጥቦ ካብረቀረቀ 0 ደርሷል ማለት ነው። ቤት የሚሠሩ ወላጆች ግን እስኪያብረቀርቅ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ከተጣበቀ አይጎተትም፤ ለብ ያለ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ጨው የተቀላቀለበት በረዶ ሌላ ነገር ነው፤ በእጅ ቢጨበጥ ቆዳን ያቆስላል፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ቆዳውን ስለሚያደነዝዘው ልጁ ሕመሙን ቶሎ ላያውቀው ይችላል። ጣሳውን የምታማስሉት እናንተ ሁኑ። ልጆቹ አመዳዩን በአንድ ጣት ነክተው ወዲያው ያንሡ። እጁ ላይ ጭረት ያለበት ልጅ ጨው ከነካ ያለቅሳል፤ አስቀድሞ ማየት ነው።

ትንንሽ ፍሬ በረዶ ለ4 ዓመት ልጅ አፍ ልክ ነው፣ ያንቃል። አራት ዓመቶቹ በትልቁ በረዶ ብቻ ይሥሩ። በረዶ ውስጥ የሚቀበረው ዕቃም በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀለበት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ለትንንሾቹ አይሆንም። ፊኛ ውስጥ ውሃ አጥጥሮ ክብ በረዶ መሥራት ያምራል፤ የተቀደደውን ፊኛ ግን ቤት ልጣችሁ ጣሉት፣ ልጆች ፊት አይድረስ።

ውሃውም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ምንም ብትሉ ይልሱታል።

ሰባ ደረጃ

ክር፣ ጣሳ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። እኔ ግን ለአዲስ አበባ ልጅ ከጋቢ የሚበልጥ የሳይንስ ዕቃ የለም እላለሁ።

ሦስት እኩል ፍሬ በረዶ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በስስ ፌስታል ይቋጠር። አንዱ ባዶ ሳህን ላይ። ሁለተኛው በአራት ገጽ ጋዜጣ ተጠቅልሎ። ሦስተኛው አራት እጥፍ በሆነ ጋቢ። ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስኮት ፀሐይ ራቅ ብሎ። ከመጠቅለሉ በፊት ይጠየቁ፦ "ጋቢ ያሞቃል አይደል? ታዲያ ጋቢ የለበሰው በረዶ ቀድሞ ይቀልጣል ወይስ ይዘገያል?" እጅ ያውጡ፣ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። አብዛኛው "ቀድሞ ይቀልጣል" ይላል።

ይህን ትምህርቱ እንደተጀመረ አስቀምጠው ሌላውን ሥራ ይሥሩ፤ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይክፈቱት። መለኪያው መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ ከየፌስታሉ የቀለጠውን ውሃ እየመጠጡ "ባዶው ይህን ያህል፣ ጋቢው ይህን ያህል" ይበሉ። ቁጥር ሲሆን ጭቅጭቅ የለም። ጋቢው የያዘው ትንሹን ነው። ጋቢ ከራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ሙቀት እንዳያልፍ ነው የሚከለክለው። ሰው ሲለብሰው የሰውየው ሙቀት እንዳይወጣ፣ በረዶ ሲለብሰው የክፍሉ ሙቀት እንዳይገባ።

ሙከራውን የሚገለብጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። ፌስታሉ ከፈሰሰና ጋቢው ከረጠበ፣ የረጠበ ጨርቅ ሙቀት በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ልዩነቱ ይጠፋል። ሌላው "ልየው፣ ልየው" እያሉ አሥር ጊዜ መክፈት። ጋቢው ላይ አንድ ልጅ ዘብ ያቁሙ፤ ማንም ደፍሮ አይነካውም።

ጊዜ ካጠረ ደግሞ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ወንድም አለው፦ ወፍራም የአልሙኒየም ድስት ተገልብጦ፣ አጠገቡ የእንጨት መክተፊያ። በመዳፍ ያስነኳቸው፤ "ድስቱ ይበርዳል" ይላሉ። "ታዲያ በረዶ የትኛው ላይ ይቆያል?" ሲባሉ ድስቱን ይመርጣሉ። ድስቱ ላይ ያለው ግን ዓይናቸው እያየ ይቀልጣል። ሁለቱም ቀድሞውንም የክፍሉ ሙቀት ላይ ናቸው፤ ብረቱ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያሻግር ነው ከእጃችንም ቶሎ የወሰደው፣ ለበረዶውም ቶሎ የሰጠው። ስስ ትሪ አይሠራም፤ የሚሰጠው ሙቀት ወዲያው ያልቅበታል።

መምህርት ዘአራት ኪሎ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋቢውን ማስጀመሪያና መዝጊያ፣ የክሩን መሃል ላይ አድርጌዋለሁ። ለአራት ዓመቶቹ ትልቁ በረዶ ምን ይሁን? ዕቃ ቀብሬ እንዲያወጡት ማድረግ ነበር ያሰብኩት፣ እንደ ድንቅነሽ። ሌላ ደግሞ፣ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች በረዶ ቀድሞ ይቀልጣል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው?

ፈትል

ይሠራል፣ አቀባበሩ ላይ ግን ተንኮል አለው። የፕላስቲክ እንስሳ ስለሚንሳፈፍ ሁሉም ከላይ ተሰብስቦ ጀርባው ወጥቶ ይጠጥራል፤ ልጁ በአንድ ጊዜ ነቅሎ ይጨርሰዋል። በሦስት ዙር ነው የሚሠራው፦ ሲሶ ውሃ ይጠጥር፣ ዕቃው ላዩ ይቀመጥ፣ ሌላ ሲሶ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ይጠጥር፣ ከዚያ የመጨረሻው። ሙቅ ውሃ ካፈሰስሽበት የታችኛው ይሰነጠቃል። ከቅርጹ ለማውጣት ቅርጹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ነክሮ መገልበጥ ነው፤ በቢላ አይጎርጎር።

መሣሪያቸው፦ ስሪንጅና ለብ ያለ ውሃ (ክንድሽ ላይ ሲንጠባጠብ የማይሞቅ የማይበርድ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ጨው፣ የቀይ ስር ውሃ። መዶሻና ድንጋይ የለም፣ ፍንጣሪው ዓይን ይገባል። ያልተፈጨውን ጨው በረዶው ላይ ሲበትኑት እያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ጉድጓድ ትቦረቡራለች፤ ቀይ ስሩ ሲንጠባጠብበት ያ ጉድጓድ ቀይ ሥር ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። ጨው ካፈሰሱ በኋላ ሥራው በስሪንጅና በማንኪያ ይሁን፣ ነርሷ እንዳለችው በረዶውን አይጨብጡ። ሁሉም ሳፋ ውስጥ ይሁን፤ እርድ ግን አትጠቀሚ፣ ዩኒፎርም ላይ ከያዘ አይለቅም።

ድንቅነሽን ካነሣሽ አምስት ኪሎ ሙዚየሙ ቅርብ ስለሆነ ደስ ይላል፤ ግን በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሐዳር፣ አፋር፣ ከደለል አፈር ውስጥ እንጂ ከበረዶ እንዳልሆነ ንገሪያቸው። አለበለዚያ አፋር በረዶ አለ ብለው ቤት ይገባሉ።

ካዛንቺስ ላብ

ስለ ከፍታው፦ መፍላትና መቅለጥ ተምታቶባቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መቅለጡ ግን በግፊት ያን ያህል አይነካም፤ እዚህም ጅቡቲ ወደብ ላይም 0 ነው። ጅቡቲ ቶሎ የሚቀልጠው አየሩ ስለሚሞቅ ብቻ ነው።

ቃል ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ስኳር ሻይ ውስጥ ሲጠፋ "ቀለጠ" ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁለት ብርጭቆ ያስቀምጡ፦ አንዱ ባዶ ሆኖ በረዶ ብቻ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ስኳር ብቻ። በረዶው ማንም ሳይረዳው ውሃ ይሆናል፣ ስኳሩ እንዳለ ይቀመጣል። ስኳሩ ለመሟሟት ውሃ ይፈልጋል፤ በረዶው ለመቅለጥ የሚፈልገው ሙቀት ነው። "ረጋ" የሚለውንም ያውቁታል፤ የሚረጋ ዘይት ያለበት ቤት ልጅ ጠዋት ጠዋት ዘይት ሲጠጥር አይቷል።

ዘይት ካነሣን፣ የማይረጋውን የሱፍ ዘይት ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ድረስ ሞልተው በቀይ ስር የተቀለመ አንድ ፍሬ በረዶ ይጨምሩ። በረዶና ዘይት ክብደታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ በረዶው ላዩ ላይ በጭንቅ ይንሳፈፋል፤ የቀለጠው ውሃ ግን ስለሚከብድ ቀይ ጠብታ እየሆነ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ለመጀመሪያው ጠብታ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ብርጭቆውን ካነቃነቁት ጠብታው ይበተናል።

መምህርት ዘአራት ኪሎ (ጠያቂ)

ዘይቱን አራት ዓመቶቹ ቢደፉትስ?

ካዛንቺስ ላብ

ብርጭቆው ይቅርና ሃይላንድ ይሁን። በረዶውን በአንገቱ እንዲያልፍ አሳንሰው ያስገቡ፣ ክዳኑን ጠበቅ ያድርጉ፣ ክዳኑ ላይ ዙሪያውን ፕላስተር።